ከአዳማ በአሮጌው የባቡር ሐዲድ ላይ የእግር ጉዞ፦ ወደ ሞጆ ይሻላል ወይስ በወለንጪቲ በኩል?

ጥያቄ፦ ነዋሪ ዘአዳማ

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በኅዳር ወር በአንዱ እሑድ ጠዋት፣ ከአዳማ ብዙም ሳንርቅ፣ አገልግሎት ባቆመው የኢትዮ ጅቡቲ የባቡር መስመር ላይ ከቤተሰቤ ጋር ዘና ያለ የእግር ጉዞ ለማድረግ አስበናል። ሐሳቡ የመነጨው ከአባቴ ነው። በወጣትነታቸው ለንግድ ወደ ድሬዳዋ በባቡር ይመላለሱ ስለነበር፣ መስመሩ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ በዓይናቸው ሊያዩት ይፈልጋሉ። ዕድሜያቸው ሰባውን ተሻግሯል፤ ሜዳ ላይ ከሆነ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ይበረታሉ፣ ቁልቁለት ሲያጋጥማቸው ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

የምጠይቀው በዋናነት ስለ አቅጣጫው ነው። ከአዳማ ወደ ምሥራቅ፣ ማለትም ወደ ወለንጪቲ፣ መሬቱ ቁልቁል ስለሚሄድ ይቀላል ያሉኝ ሰዎች አሉ፤ ወደ ሞጆ መሄድ ይሻላል የሚሉም አልጠፉም። ከዚህ ሌላ በሐዲዱ ላይ በቀጥታ መራመድ ይቻል እንደሆነ፣ መመለሻውስ እንዴት እንደሚሆን የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። የጠየቅሁት ስለ ሩጫ ወይም ስለ ተራራ መውጣት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ ቆም እያልን፣ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ፀሐይ ሳትበረታ ቤታችን የምንገባበት ጉዞ ነው የምንፈልገው።

መልስ፦ እግረኛው

ቁልቁለት ይቀላል የሚለውን ምክር ለባቡር ሐዲድ ባይጠቀሙበት እመርጣለሁ። የብረት ጎማ በብረት ላይ ሲንከባለል በቀላሉ ስለሚንሸራተት፣ ባቡር ዳገት አይሆንለትም። በዚህም ምክንያት መስመሩን የቀየሱት ሰዎች ኮረብታ ሲገጥማቸው ዞረውታል፣ ሸለቆ ሲገጥማቸው አፈር ደልድለውበታል፣ ጉብታውን ቆርጠው አልፈዋል፤ እንዲህ እያደረጉም ከፍታውን በብዙ ኪሎ ሜትር ላይ አከፋፍለውታል። መስመሩ አዲስ አበባ ላይ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ተነሥቶ አዋሽ ሲደርስ ወደ 1000 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ይህ ሁሉ ቁልቁለት ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ስለሚገኝ፣ በአንድ ጠዋት ጉዞ እግር ልዩነቱን አያውቀውም። የአባትዎ ጉልበት የሚፈራው ዓይነት ቁልቁለት በሐዲዱ ላይ የለም፤ ካለም ከሐዲዱ ወርዶ ወንዝ ሲሻገሩ ነው።

ስለዚህ አቅጣጫ የሚመረጠው በፀሐይና በነፋስ ነው እላለሁ። በማለዳ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይዞ ዓይኑን ሲያጨናብስ ይቆያል፤ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ግን ፀሐይን ለጀርባው ሰጥቶ፣ ከፊቱ ያለውን አገር በሙሉ ብርሃን እያየ ይሄዳል። የአዳማን ነፋስ ደግሞ እርስዎም ያውቁታል። በበጋው ወራት አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ በኩል ስለሚነፍስ፣ ወደዚያ ፊቱን ያዞረ መንገደኛ አቧራ ይቅማል። ማረጋገጥ ከፈለጉ ከከተማው በላይ ባሉት ሸንተረሮች ላይ የተተከሉትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ይመልከቱ። በ2004 ዓ.ም. የተመረቁት 34ቱም ሆኑ በ2007 ዓ.ም. የተጨመሩት 102ቱ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ፊታቸውን የሚያዞሩ ናቸው፤ ፊታቸው ወደ እናንተ ከሆነ ነፋሱ ከኋላችሁ ነው ማለት ነው። በእነዚህ ምክንያቶች ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ሞጆ አቅጣጫ መጓዝን እመክራለሁ።

በሐዲዱ ላይ ስለመራመድ ላነሡት ጥያቄ፣ ይቻላል፣ ግን አይመችም። ሐዲዱን የተሸከሙት የብረት አግዳሚዎች የተቀራረቡ በመሆናቸው እያንዳንዱን እየረገጡ መሄድ እርምጃን ያሳጥራል፣ አንዱን እየዘለሉ መሄድ ደግሞ ከልክ በላይ ያስረዝማል። ሰው ሳይታወቀው ዓይኑን ከእግሩ ሥር ስለማያነሣ፣ ሊያየው የወጣውን አገር ሳያይ ይመለሳል። እረኞችና ገበያተኞች ሐዲዱ ባረፈበት የአፈር ድልድል ጠርዝ ላይ ያወጡት የእግር መንገድ በብዙ ቦታ ስለሚገኝ በእሱ መሄድ ይሻላል። ጫማው ግን ወፍራም ሶል ይኑረው፤ የግራር እሾህ ለስላሳውን የስፖርት ጫማ በስቶ እንደሚገባ ለአዳማ ሰው መንገር ባያስፈልግም፣ ለልጆቹ ጫማ ሲመርጡ ይህን አይርሱ።

መልስ፦ የባቡር ሠራተኛ ልጅ

አባትዎ መስመሩን ለማየት መጓጓታቸው በጣም ገብቶኛል። የእኔም አባት ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሠራው በዚሁ መስመር ላይ ነው፤ ስለዚህ ስትጓዙ ልብ ልትሉት የሚገባችሁን ጥቂት ነገር ልጨምር።

ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ሥራ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ግንባታው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከዛሬው ቦታዋ ላይ እንድትቆረቆር ምክንያት ሆነ። ከዚያ በኋላ በገንዘብ እጥረትና በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በጣሊያን መንግሥታት ሽኩቻ ለዓመታት ተጓትቶ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን 1.435 ሜትር ስፋት አለው። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ ለእግረኛ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ጠባቡ ሐዲድ ጠበብ ባለ ኩርባ መታጠፍ ስለሚችል፣ የድሮዎቹ መሐንዲሶች ገንዘብ ለመቆጠብ ሲሉ መሬቱን ከመቁረጥ ይልቅ የመሬቱን ጠባይ እየተከተሉ ዞረዋል። አዲሱ መስመር ቀጥ ብሎ በረጃጅም ድልድዮች ሲያልፍ አሮጌው የሚጠማዘዘው ለዚህ ነው። እነዚህ ኩርባዎች ዛሬ ለሚንሸራሸር ሰው ደስ ይላሉ፣ ለሾፌሮቹ ግን ፈተና ነበሩ፤ ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር በኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከ400 በላይ ሰዎች ያለቁበትን አደጋ አባትዎ ሳያስታውሱት አይቀሩም።

እግረኛው ያነሣቸው አግዳሚዎች ከእንጨት ሳይሆን ከብረት መሠራታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ቆላ እንጨት አፈር ላይ ቢነጠፍ ምስጥ ይጨርሰዋል። አንዱን አግዳሚ ቆም ብላችሁ ብታዩት፣ ጫፍና ጫፉ ወደ ታች ታጥፎ ጠጠሩን ነክሶ እንዲይዝ ተደርጎ መሠራቱን ታያላችሁ። ከሁሉ በላይ ግን ልጆቹ የሐዲዱን ወገብ በእጃቸው እንዲዳስሱት አድርጉ። ሐዲድ ፋብሪካ ውስጥ በጋለበት ሰዓት በመዳመጫ ሲያልፍ፣ የፋብሪካው ስምና የተሠራበት ዓመት በጎኑ ላይ በጎላ ፊደል ይታተምበታል። ዝገትና አፈር ስለሚሸፍነው መጀመሪያ ላይ ላይታይ ይችላል፤ በጨርቅ ጠረግ አድርጋችሁ በጎን በኩል ብታዩት፣ በተለይ የጠዋት ፀሐይ አግድም ሲያርፍበት፣ ፊደሉ ጥላ ስለሚጥል በቀላሉ ይነበባል። ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ። አንዱ ሐዲድ ከሌላው በብዙ ዓመታት ተራርቆ ሊገኝ ይችላል፤ የተጎዳው እየወጣ በሌላ ይተካ ስለነበር መስመሩ የብዙ ዘመን ጥርቅም ነው።

በእንፋሎት የሚሠሩት ባቡሮች በየተወሰነው ርቀት ውኃ መቅዳት ስለነበረባቸው፣ ጣቢያዎቹ የሚቀመጡት መንገደኛ በሚበዛበት ቦታ ብቻ ሳይሆን ውኃ በሚገኝበትም ነበር። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የናፍጣ ባቡር ሲገባ ብዙዎቹ ትናንሽ ማቆሚያዎች ዋጋቸው እየቀነሰ ሄደ። በመንገዳችሁ ላይ ከመንደር ርቆ ብቻውን የቆመ የድንጋይ ግንብ ብታዩ፣ ያኔ ለውኃ ወይም ለመስመር ጠባቂ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል አባትዎን ጠይቋቸው፤ በባቡር የተመላለሰ ሰው የማቆሚያዎቹን ስም በቅደም ተከተል ሲጠራ እኛ የማንጠብቀውን ያህል ያስታውሳል።

መልስ፦ ወለንጪቴ

የእግረኛውን ምክንያት ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፣ በመደምደሚያው ግን አልስማማም። ወደ ምዕራብ መጓዝ የሚሻል ከሆነ፣ ለምን ከአዳማ ተነሥተው ከቤታቸው እየራቁ ይሄዳሉ? በማለዳ በወለንጪቲ መንገድ ሚኒባስ ተሳፍረው፣ ከአዳማ 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር ያህል ሲርቁ ‹‹ወራጅ አለ›› ብለው ይውረዱና፣ ፊታቸውን ወደ ከተማቸው መልሰው በሐዲዱ ይምጡ። ፀሐዩም ነፋሱም ከኋላቸው ይሆናል፣ የነፋስ ማመንጫዎቹም ከፊታቸው ይታያሉ። ዋናው ጥቅም ግን ሌላ ነው፤ አረጋዊ ይዞ የሚሄድ ሰው ድካም የሚመጣው በመጨረሻ ላይ እንደሆነ ማሰብ አለበት፣ በዚህ አቅጣጫ ደግሞ በደከሙ ቁጥር ቤታቸው እየቀረበ፣ ባጃጅም እየበዛ ይሄዳል። መሬቱ ወደ አዳማ በመጠኑ ሽቅብ መሆኑ ለአባታችን ጉልበት የሚጠቅም እንጂ የሚጎዳ አይደለም፤ ጉልበት የሚያሳምመው መውረድ ነው። በኛ በኩል ጥላው ሳሳ ያለና ቆላማነቱ የበረታ መሆኑን አልክድም። ይሁንና በኅዳር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነሥተው ረፋድ 4 ሰዓት ሳይሞላ ለሚጨርሱ ሰዎች ይህ የሚያስፈራ አይደለም።

በኅዳር መጨረሻ ግድም ጤፉ የሚታጨድበት ጊዜ ስለሆነ፣ ግራና ቀኙ በአጫጆች የተሞላ ይሆናል። ከኋላችሁ የቦሰት ተራራ ይታያል፤ ማረፍ ስትፈልጉ ወደ እሱ ዞራችሁ ብትቀመጡ በማለዳው ብርሃን እጅግ ያምራል። ገበሬው በአንዳንድ ቦታ ድልድሉን ለጋሪ መንገድነት ይጠቀምበታል፤ ጋሪ ሲመጣ ወደ ጠርዙ ዞር ማለት እንጂ ወደ አዝመራው መግባት አይገባም፣ ያልታጨደ ጤፍ የረገጠ እንግዳ ሰላምታውም አይጥምም። እረኛም አጫጅም ስታገኙ በኦሮምኛ ‹‹አካም ቡልተን›› (እንዴት አደራችሁ) ብላችሁ ቆም በሉ። ከየት እንደመጣችሁና ለምን እንደምትሄዱ መናገር በገጠር የጨዋነት ወግ ነው፤ ውሾቹንም ዝም የሚያሰኝላችሁ ባለቤታቸው ነው። በዚያው ወሬ መሀል የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታና ፀጥታ ትሰማላችሁ፤ ይህን ከከተማ ሆኖ ከሚገምት ሰው ይልቅ እዚያ የሚያድረው ያውቀዋል።

አጥብቄ የማስጠነቅቀው ስለ ቦረቦሩ ነው። አፈራችን ልልና ቀላል በመሆኑ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ በድልድሉ ሥር ባሉት የውኃ መተላለፊያዎች አፍ ላይ ይቆፍራል። ጥገና ከቆመ ወዲህ ድልድሉ ከሥሩ ተበልቶ፣ ሐዲዱ ከነአግዳሚው እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የቀረበት ቦታ አለ። ልጆች እንዲህ ያለውን ሲያዩ መሻገር ያምራቸዋል፤ ብሎኑ በዝገት ይሁን በሌባ ያለቀ ሊሆን ስለሚችል ፈጽሞ አትፍቀዱላቸው። ድልድይ ሲያጋጥምም የእግረኛ መተላለፊያ ከሌለው ከጎኑ ባለው የከብት መንገድ ወርዶ መሻገር ይሻላል፣ በኅዳር ጅረቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። አባታችን እንዲህ ባለው ቦታ ሲወርዱ አንድ ሰው ከፊታቸው ይቅደም፣ ከኋላ መደገፍ ጥቅም የለውም።

ጠያቂው፦ ነዋሪ ዘአዳማ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቹን ለአባቴ አነበብኩላቸው፤ የወለንጪቴን ሐሳብ ወደውታል፣ ‹‹ባቡሩ ከድሬ ሲመጣ እኛም አዳማ የምንገባው በዚያው በኩል ነበር›› ብለው ጉዳዩን ዘግተውታል። ሁለት ነገር ግን ይቀረኛል። በአካባቢያችን አዲሱ የባቡር መስመርም ስለሚያልፍ፣ ሁለቱን እንዳናደናግር የምንለይበት መንገድ አለ? ደግሞም አባቴ የድሮውን የአዳማ ጣቢያ ግቢ ገብተው ማየት ይፈልጋሉ፤ ይህ ይፈቀድ ይሆን?

መልስ፦ እግረኛው

ወለንጪቴ የእኔን ምክንያት ከእኔ አሻሽሎ ተጠቅሞበታል፤ በእሱ ሐሳብ ሂዱ።

ስለ አዲሱ መስመር፣ መለየቱ ቀላል ነው፣ መራቁ ግን ግዴታ ነው። ከላይ ሽቦ የተዘረጋበትና በኮንክሪት አግዳሚ ላይ የተነጠፈ ሐዲድ ካያችሁ አዲሱ ነው። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው 25 ሺህ ቮልት በመሆኑ፣ ከብት የሚነዳበትን ረጅም ዱላ ወይም የብረት ዘንግ ይዞ ወደ እሱ መጠጋት ለሞት ያደርሳል። የሚሄድበትም ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ እንደ ድሮው ከሩቅ እየጮኸና እያጨሰ አይመጣም፤ ለመንገደኛ ባቡር የተቀየሰው ፍጥነት በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለኩ የሚያቋርጡ ሰዎችን ብታዩ እንኳ አትከተሏቸው፤ ለማቋረጥ ከተገደዳችሁ ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን ማሳለፊያ ወይም የድልድይ ሥር መንገድ ፈልጉ።

ውኃን በተመለከተ፣ በመንገድ ላይ እናገኛለን ብላችሁ አትውጡ። ለአንድ ሰው ከሁለት ሊትር ያላነሰ ያዙ፣ ኮፍያም አይቅር፤ ፀሐይዋ ከኋላ ናት ማለት ማጅራትን አትመታም ማለት አይደለም።

መልስ፦ የባቡር ሠራተኛ ልጅ

ስለ ጣቢያው፣ ዝም ብሎ ከመግባት በር ላይ ያለውን ጥበቃ ማነጋገር ይቀድማል። ንብረቱ የመንግሥት ነው፤ መስመሩ ሥራ ስላቆመ ብቻ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። በእሑድ ቀን ፈቃድ የሚሰጥ ኃላፊ ላይገኝ ስለሚችል፣ ከጉዞው በፊት ባለው የሥራ ቀን አንድ ሰው ሄዶ ቢጠይቅ ይመረጣል። አባትዎ ራሳቸው ቢሄዱ ደግሞ ይበልጥ ይቀናል፤ ከእርስዎ ይልቅ በዚያ ባቡር የተሳፈሩ ሽማግሌ ሲለምኑ ጥበቃውም ይራራል። ፎቶግራፍ ለማንሣትም ለብቻው አስፈቅዱ። በመንገድም ሆነ በጣቢያው የወደቀ ብሎን ወይም ቁራጭ ብረት ለመታሰቢያ ብላችሁ እንዳታነሡ፤ የሐዲድ ብረት ስርቆት በየቦታው ችግር ስለሆነ፣ በኪስ የተገኘ አንድ ብሎን ከአካባቢው ሚሊሻ ጋር ረጅም ጥያቄና መልስ ሊያስከትል ይችላል።

ከዚህ በኋላ አባትዎ ራቅ ወዳለው የመስመሩ ክፍል መሄድ ቢፈልጉ፣ በመኪና መተሐራ ድረስ ወርደው የበሰቃን ሐይቅ ዳር እንዲያዩ እመክራለሁ። ሐይቁ ካለፉት 60 ዓመታት ወዲህ ስፋቱ ብዙ እጥፍ በመጨመሩ፣ ባቡሩም አስፋልቱም በውኃ እንዳይዋጡ ድልድላቸውን ደጋግሞ ከፍ ማድረግ ግድ ሆኖ ነበር። አባትዎ በሚመላለሱበት ዘመን ደረቅ መሬት የነበረው ስፍራ ዛሬ ውኃ ሆኖ ያገኙታል። እዚያ ግን በእግር መሄድን አልመክርም፤ ሙቀቱ ከአዳማ ጋር አይነጻጸርም፣ የሐይቁም ውኃ ጨዋማ ስለሆነ ለመጠጥ አይሆንም። ከመኪና ወርዶ ከመንገዱ ዳር ሆኖ ማየት ይበቃል።